የሙሽራ ጣት

ከሙስካት ራቅ ባለችው ሱር ከተማ ባለው ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል ውስጥ ነርሶቹ «አማት» የሚሏት የመድኃኒት ማሽን አለች። ቁመቷ የሰው፣ ወርዷ የቁም ሣጥን፣ ሆዷ በሙሉ መሳቢያ ነው። አማት ያሏት ያለ ነገር አይደለም። ጣትሽን አስነክታ ማንነትሽን ሳታጣራ አትከፍትም። ከከፈተችም በኋላ «ስንት አለ? ስንት ወሰድሽ? ለማን?» እያለች ታደርቅሻለች። የነገሯትን ደግሞ አትረሳም፤ አንዲት ፍሬ ክኒን ብትጎድል ስምሽን ከነሰዓቱ አውጥታ ለሰው ታሳያለች።

ሙዝና ይህችን ማሽን ከሦስት ዓመት በፊት ነርስ ሆና ታውቃት ነበር። አሁን የመጣችው በሌላ ሥራ ነው። ማሽኖቹን የሚያቀርበው የሙስካቱ ኩባንያ ቀጥሯት በየሆስፒታሉ እየዞረች ትጠግናለች፣ ታስተካክላለች። «ሱር ማን ይሄዳል?» ሲባል ሌላው ሙቀቱን እያሰበ ሲያጉረመርም እሷ ቀድማ እጇን አወጣች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የተወጋችው እንዲህ ነው። ያኔ ሙሽራ ነበረች። የክፍሉ ዋና ነርስ ሲስተር ገኒያ «የሠርግሽ ሂና የኔ ስጦታ ነው» ብላ በከተማው አንደኛ የተባለችውን ሂና ጣይ ቤቷ ድረስ ላከችላት። «እስከ ጣቷ ጫፍ ድረስ፣ ጥቁር አድርገሽ» ብላ ጭምር አዘዘች። ሙዝና ከሠርጓ ተመልሳ ሥራ ስትገባ ታዲያ ሂናው የጣቷን አሻራ ሸፍኖት አማት አላወቀቻትም። ጣቷን ብታስነካት፣ ብትጠርገው፣ ብታሸው፣ ማሽኗ እምቢ አለች። ሲስተር ገኒያ እየሳቀች «ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ናት» አለችና ሂናው እስኪለቅ የሚያገለግል ፓስዎርድ አወጣችላት። በገዛ እጇም ወረቀት ላይ ጻፈችላት።

በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ በሙዝና ስም አሥራ አንድ ብልቃጥ ፔቲዲን ወጣ። ይህ የሚያፈዝ፣ የሚያደነዝዝ፣ ለከባድ ሕመም የሚወጋ መድኃኒት ነው። ሆስፒታሉ ገና ሳያውቅ ሲስተር ገኒያ ለሙዝና አማት ስልክ ደወለች። «እህቴ፣ ለልጅሽ አዝኜ ነው። የምራትሽን ክንድ አንዴ እዪው» አለቻት። አማትየዋ ሦስት ሴቶች ልጆቿን ሰበሰበችና ሳሎን መሃል የሙዝናን እጅጌ እስከ ትከሻዋ አስገለጠቻት። ክንዷ ንጹሕ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው! «ሌላ ቦታ ትወጋው ይሆናላ» አለች አንዷ። ወር ሳይሞላ ሙዝና ከነወርቋ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሆስፒታሉም «ለስምሽ ብለን ነው፣ ራስሽ ልቀቂ» አላት። አባቷ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አላነሳባትም፤ ዓይኗን ማየት ግን ተወ።

እንግዲህ ሙዝና የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። ገኒያን እጅ ከፍንጅ ይዛ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሰው ፊት ክንዷን ማስገለጥ። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

እሁድ ጠዋት ክፍሉ ስትገባ ሲስተር ገኒያ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ እጆቿን ዘርግታ ተቀበለቻት።

«ማሻአላህ! ሙዝና! ልጄ ተመልሳ መጣች! ወፍረሻል እኮ፣ ሙስካት ተስማማሽ።»

«ተስማማኝ ሲስተር። እርስዎ ግን ከሱ።»

«ወገቤ ነው ልጄ፣ ያ የተቀደድኩት ቦታ። ይሁን፣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ፤ ጡረታ ወጥቼ አርፋለሁ። ድግሱ ላይ ትመጫለሽ አይደል?»

«አልቀርም።»

«ያለፈውንም ነገር እርሺው። እኔ በልቤ ምንም አልያዝኩብሽም።»

አልያዘችም! ሰምታችኋል? እሷ አልያዘችም! ሙዝና ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ጉንጯን ስትስማት የገኒያን ሽቶ አወቀችው፤ ያው የድሮው ነው።

ገና ሰላምታው ሳያልቅ ራያ የምትባል ወጣት ነርስ እየሮጠች መጣች። ከሠርጓ ከተመለሰች የመጀመሪያ ቀኗ ነው። አሥሩም ጣቶቿ ከጥፍር እስከ መጀመሪያው አንጓ ጥቁር ናቸው።

«ሲስተር፣ አማት አላስገባ አለችኝ!» አለች።

«የቤትሽ አማትስ?» አለች አንዷ ነርስ ከጀርባ። ሁሉም ሳቁ።

«የቤቴማ ማር ናት፣ ወላሂ!»

«ቆዪ፣ ገና ሳምንትሽ ነው!»

ሲስተር ገኒያ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና «እሰይ፣ የማሽኗ ባለቤት እዚህ ናት። ልጄ ሙዝና፣ ለዚህች ሙሽራ ፓስዎርድ አውጪላት» አለች።

ሙዝና የልጅቷን ጣቶች እያየች ጠየቀቻት። «ሂናሽ ያምራል። ማን ጣለልሽ?»

«የሲስተር ስጦታ ነው! እናቴ እንኳ እንዲህ አላሰበችልኝም።»

ሙዝና የገዛ ጣቶቿን አየች። ለካ ይህች ሴት ሠርግ ነው የምትጠብቀው! ሌላው ሰው ሠርግ ሲሰማ ስለ ሥጋውና ስለ ጣፋጩ ሐልዋ ያስባል፤ ገኒያ ግን የሙሽራዋን ጣት ታስባለች። አጥቁሮ፣ አሳውሮ፣ ከዚያ በስሟ ገብቶ መዝረፍ። ስንት ሙሽራ አልፎ ይሆን? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያለው ሰው ገኒያን ሳያውቃት አልቀረም።

ሙዝና ፓስዎርዱን አወጣች። አዎ፣ በገዛ እጇ። ሲስተር ገኒያም እስክሪብቶዋን አውጥታ «ወረቀት ላይ ልጻፈው፤ ሙሽራ ናት፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው፣ ትረሳዋለች» አለችና ጻፈች።

ሁሉም ወደ በሽተኞቻቸው ሲበተኑ ሙዝና ማሽኗ ጎን ተቀምጣ የጠጋኞችን ገጽ ከፈተች። ይህ ገጽ ለነርሶችም ለፋርማሲውም አይታይም። እያንዳንዱ ሰው ማሽኗን በምን እንደከፈተ፣ በጣቱ ይሁን በፓስዎርድ፣ እዚያ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። የሦስት ዓመቱን መዝገብ አወጣች። የእሷ ሂና በአሥራ ሦስተኛው ቀን ለቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በጣቷ ነው የገባችው፤ ፓስዎርዱን ግን ማንም አልሰረዘውም። መዝገቡም ይኸው ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሙዝና፣ በጣት፣ የራስ ምታት ክኒን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሙዝና፣ በፓስዎርድ፣ ፔቲዲን። በማግስቱም እንዲሁ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ጣቷ መሥራት ከጀመረ በኋላ የወጡ ናቸው። ጣቱ የሚሠራለት ሰው ምን ሲል ፓስዎርድ ይመታል?

አፏን በእጇ ያዘች። እዚያው ልትጮህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጣችው ነገር፣ አባቷ ሳያየው የሞተው ነገር፣ አንዲት ገጽ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

አተመችው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች። የፋርማሲው ኃላፊ ዶክተር ሂላል አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ደህና ሰው ነው። ብታሳየው ስሟ በዚያው ቀን ይታጠብ፣ የራያም ፓስዎርድ በዚያው ሰዓት ይሰረዝ ነበር። ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመች።

ምን እንደሚሆን ታውቀዋለቻ! «ለቤተሰቧ ክብር ሲባል» ይባላል። ገኒያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ጡረታ ትወጣለች፣ ኬክ ይቆረስላታል፣ አበባ ይሰጣታል። ክንዷን የሚያይ ማንም የለም። በአንድ ብልቃጥ ብትያዝ ደግሞ «ተሳሳትኩ» ትላለች፣ በሁለት ብትያዝ «ማሽኑ ነው» ትላለች። ሙዝና አሥራ አንድ ፈለገች። የእሷ አሥራ አንድ ነበር፤ የገኒያም አሥራ አንድ ይሁን። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

ራያስ? ራያን አስባታለች፣ አላሰበችም ማለት ውሸት ነው። «አሥራ አንድ ሲሞላ እኔው ነኝ የማወጣት» አለች ለራሷ። የቀትር ሶላት ላይ ግን ሰግዳ ዱዓ ልታደርግ እጇን ስታነሳ አንድ ቃል አልመጣላትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት የራያን ገጽ ከፈተች። ሁለት ብልቃጥ በፓስዎርድ ወጥቷል፤ ራያ ክፍሉ ውስጥ ባልነበረችበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ አምስት ደረሰ። ሲስተር ገኒያ በየጠዋቱ ወተት የበዛበት ሻይ እያመጣችላት «ምነው ልጄ፣ ማሽኑን አገባሽው እንዴ? ከሥሩ አትጠፊም!» ትላታለች። ሙዝናም «እሱ ቢያንስ አይፈታኝም ሲስተር» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ሰባተኛው አልጋ ላይ ነስራ የሚባሉ ትልቅ ሴትዮ ተኝተዋል። የደም በሽታቸው ሲነሳባቸው አጥንታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ገኒያ ብልቃጦቹን የምታወጣው በእሳቸው ስም ነው።

«መርፌዬ የታለ?» እያሉ ይጮኻሉ።

«እማማ፣ አሁን ተወግተዋል እኮ! ማሽኑ ይኸው ይላል፤ አማት አትዋሽም!» ትላቸዋለች ገኒያ።

ሙዝና ይህንን በጆሮዋ ሰማች። ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ተመልሳም ተቀመጠች። ተቀመጠች! እግዜርም አላህም ይየው፣ ተቀመጠች።

ረቡዕ ስምንት ሆነ። ረቡዕ እረፍት ሰዓት ላይ ራያ ከሠርጓ የተረፈ ሐልዋ አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ባሏ እንዴት እንደሚያስቃት፣ አማቷ እንዴት የቤቱን ቁልፍ በሙሉ እንደሰጠቻት አወራቻት። «አንቺስ አላገባሽም?» አለቻት በመጨረሻ። «አንዴ» አለች ሙዝና። የቀረውን ሐልዋ በወረቀት ጠቀለለችው።

ሐሙስ ጠዋት ራያ ፊቷ አብጦ መጣች። ለማንም ሰላም ሳትል የጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ገባች። ሙዝና ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ምን ሆንሽ?»

«ትናንት አማቴ...» ራያ ፊቷን አዞረች። «አንድ ሰው ደወለላቸው። ከሥራ ቦታዬ ነው አሉ። ክንዷን እዪ ተባልኩ አሉ። የባሌ እህቶች ይዘውኝ...» እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ ይዛዋለች። «ሙዝና፣ ወላሂ እኔ ምንም አልወሰድኩም!»

«አውቃለሁ» አለች ሙዝና። ስልኩ ከሁሉም ቀድሞ እንደሚደወል ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? በእሷም የሆነው እንዲህ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ አስቀድሞ ሙሽራዋን ማስጠላት። ግን አሥራ አንድ ሳይሞላ አይመጣም ብላ ነበር። በማን ስሌት? በራሷ።

ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ራያን በእጇ ይዛ ስትወጣ ሲስተር ገኒያን በሩ ላይ አገኘቻት።

«ሲስተር፣ ልጅቷ አሟታል፤ ታች ወስጄ ቁርስ ላብላት። ግማሽ ሰዓት ይስጡን።»

«ውሰጃት ልጄ፣ ውሰጃት። ሙሽራ መሆን ከባድ ነው» አለች ገኒያ፤ የራያንም ጉንጭ ዳሰሰች።

ዶክተር ሂላል ቢሮ ገቡ። ሙዝና ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና የጠጋኞችን ገጽ አወጣች። «ዶክተር፣ ከወንበርዎ አይነሱ። ይህንን ብቻ ይዩ። ራያ፣ አንቺ እዚህ ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ።»

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። «ሙዝና፣ ስብሰባ አለኝ እኮ...»

«ትንሽ ይታገሱኝ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

ያኔ አዲስ መስመር ወጣ። ራያ። በፓስዎርድ። አራተኛ መሳቢያ። ፔቲዲን፣ አንድ ብልቃጥ፣ ለሰባተኛ አልጋ።

«ዶክተር፣ ራያ የት ናት?»

«እንዴ፣ እዚህ...» አለና ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። እንደገና ኮምፒዩተሩን አየ። እንደገና ጉልበቷ ላይ የተጣጠፉትን ጥቁር ጣቶቿን አየ። «ያ ረቢ!»

ሙዝና አንድ ቁልፍ ተጫነች። ከላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማሽኗ መሳቢያዋን እንደከፈተች አልዘጋ ብላ ደወሏን ታጮኸው ጀመር። ደረጃውን ሮጠው ሲወጡ ነርሱም፣ ጽዳቷም፣ ግሉኮስ የተንጠለጠለላትም በሽተኛ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሲስተር ገኒያ መሳቢያው ፊት ብልቃጡን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ማሽኑ ተበላሸ! ይቺ ልጅ ናት ያበላሸችው! ከመጣች ጀምሮ ሰላም የለንም!» እያለች ያዙኝ ልቀቁኝ አለች።

«ሲስተር» አለ ዶክተር ሂላል፣ «በማን ስም ነው የገቡት?»

ብልቃጡን ከጀርባዋ ደበቀችው።

ሙዝና ፊት ለፊቷ ሄዳ ቆመች። «ክንድዎን ይግለጡ።»

«ምን አልሽ?»

«ክንድዎን ይግለጡ፣ ሰው ይየው። አማቴ እኔን እንዳስገለጠችኝ። ትናንት ይህችን ልጅ እንዳስገለጧት።»

ገኒያ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ያውቋታል፤ ግማሾቹን ሥራ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ታለቅሳለች ሲሉ አላለቀሰችም። የእጅጌዋን ቁልፍ ራሷ ፈትታ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ከክርኗ እስከ አንጓዋ መርፌ ያልነካው ቦታ አልነበረም። «ይኸው። ወገቤን ከተቀደድኩ ጀምሮ ነው። ሰባት ዓመት። በቃሽ?»

ነስራ ከሰባተኛው አልጋ በሰው ተደግፈው መጥተው ኖሯል። «የኔን መርፌ ነው የተወጋሽው! እኔ እዚያ እንደ ውሻ ስጮህ የኔን መርፌ!» አሉና ጫማዋ ላይ ተፉባት።

የሙዝና አንጀት ቅቤ ጠጣ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነው፣ አየችው፣ ደስም አላት። ጠባቂዎቹ ገኒያን ይዘዋት ሲወርዱ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት።

ዶክተር ሂላል ለራያ «ለአማትሽ የሚታይ ወረቀት በማኅተም እሰጥሻለሁ። ሙዝና፣ በስሟ ያለውን ሁሉ አትሚላት፣ ምንም ሳታስቀሪ» ብሎ ማኅተሙን ሊያመጣ ወረደ። ወረቀቱ እየተሳበ ሲወጣ ራያ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። መጀመሪያ እየሳቀችም እያለቀሰችም አነበበችው። ኋላ ሳቋ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ገጹን ያየ፦ ሙዝና› ይላል።»

«ማሽኗ... ገጹን የከፈተውንም ሰው ትመዘግባለች።»

«ሰኞ ይላል። ሰኞ ሁለት ብልቃጥ እንደወጣ አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ማክሰኞም?»

«ማክሰኞም።»

«ሐልዋ ያበላሁሽ ቀንስ?»

ሙዝና መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። «በሚገባ ብትያዝ ብዬ ነው። አሥራ አንድ እስኪሞላ... የኔ አሥራ አንድ ነበር። እሁድ ዕለት ነው ያወቅሁት፣ ሂናሽን ያየሁ ዕለት።»

ራያ አልጮኸችም። ስልኳን አወጣችና ቁጥር መታች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሙዝና ሰጠቻት። «አማቴ ናቸው። ንገሪያቸው። ሁሉንም፣ እሁድን ጭምር።»

ሙዝና ተናገረች። ስለ ሂናው፣ ስለ ፓስዎርዱ፣ ስለ ገኒያ ስልክ፣ ስለ እሁድ። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማል። «ልጄን በደልኳት!» አለች በመጨረሻ እያለቀሰች። «አንቺም የእጅሽን ይስጥሽ፤ እያወቅሽ ዝም ትያለሽ? ራያን አገናኚኝ። አሁኑኑ መኪና እልካለሁ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ!»

ራያ ስልኩን ተቀበለች። «አይልኩ እማማ። እናቴ ቤት ነው የምሄደው። ወርቁን ወንድሜ ያመጣላችኋል» አለችና ዘጋችው።

«ራያ!» አለች ሙዝና ደንግጣ። «ይቅርታ ጠየቁሽ እኮ! ወረቀቱም ይኸው፣ ስምሽ ንጹሕ ነው። እኔ ይህንን አላገኘሁም ነበር። ተመለሺ፣ ቤትሽ ነው።»

ራያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። «ትናንት እህቶቹ ሲገልጡኝ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ተዉአት አላለም፤ አንገቱን አስግጎ ክንዴን ያይ ነበር። እሁድ ተናግረሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑን ሳላውቅ እስከ እርጅናዬ አብሬው እኖር ነበር። ደስ ብሎኝ እኖር ነበር ሙዝና!»

ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ማኅተሙን ሳትጠብቅ ወደ ደረጃው ሄደች። ሙዝና ልትከተላት ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች።